ገመቹ ምንጩ

ሐርጌሳ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ገመቹን የሚያውቀው «ምንጩ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ሾፌሮች ነን፤ ክፋት አልነበረንም፣ ለማላገጥ ነበር። ያ የቀልድ ስም ኋላ ዞሮ ሰውየውን አገር ያስለቅቀዋል ብሎ ማን ጠረጠረ። እኔ ተሻለ እባላለሁ፣ ከበርበራ ወደብ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ጭነት የማመላልስ ሾፌር ነኝ። የገመቹን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ ጓደኞቼ ተወው ይሉኛል። አልተወውም።

ገመቹ የወለጋ ሰው ነው። እንደ ብዙዎቻችን ባሕር ለመሻገር ብሎ ከአገሩ ወጥቶ ነው ሐርጌሳ የደረሰው፤ ባሕሩን ሳያይ ሙሉዬን አየና እዚያው ቀረ። ሙሉዬ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ ምላሷ ፈጣን ሴት ናት። ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮና በሸራ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራዩ። እሱም አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ዱዓሌ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ቀያሪ ሆኖ ተቀጠረ። ዱዓሌ የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጥ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወድ ሶማሌ። ማንንም ማስቀየም የማይወድ ሰው ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር።

ጋራዡ ያለው ደረቅ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ሶማሌዎቹ ቶግ ይሉታል። ዝናብ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ እየደነፋ ይወርዳል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ገመቹ መጀመሪያ ወንዝ ነው ሲሉት አላመነም። እሱ በተወለደበት አገር ወንዝ ማለት ድምፁ እቤት ድረስ የሚሰማ፣ ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ነገር ነው። ውሃ የሌለበት ወንዝ ለእሱ ገደል ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ጎረቤት ጋራዦች ሁሉ ከሞተር የወረደውን የተቃጠለ ዘይት በባልዲ እየወሰደ አሸዋው ላይ ይደፋው ነበር። አሸዋው ወዲያው ይመጠዋል፤ የሚቀረውን ጥቁር እድፍ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያለብሰዋል። ከደጋ የመጣን ሰዎች ማናችንም ብንሆን ይህንኑ ነበር የምናደርገው።

ከጋራዡ ዝቅ ብሎ፣ እዚያው አሸዋ ውስጥ የላዳን ጉድጓድ አለ። ላዳን ባሏ የሞተባት ጠና ያለች ሴት ናት፤ እኛ «ኤዶ ላዳን» እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። በጦርነቱ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተሰድዳ አርተሼክ መጠለያ ውስጥ ኖራለች፣ ትንሽ አማርኛም ከዚያ ይዛ ተመልሳለች። ባሏ ቆፍሮ የተወላትን ጉድጓድ በእሾህ አጥራ፣ ከዚያ እየቀዳች ለሼክ ኑር ሰው ትሸጣለች። ከሙሉዬ ግን ገንዘብ ተቀብላ አታውቅም። እኔም ስደተኛ ሆኜ የሰው ውሃ ጠጥቻለሁ ትላለች። ሙሉዬ የምታጥበው ሁሉ የሚታጠበው በዚያ ውሃ ነው፤ የእነ ገመቹ ቤት የቆመው በላዳን ጉድጓድ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ሙሉዬ አጥባ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ባለቤቶቹ መለሱባት። በዘይት እጅህ ነካክተኸው ነው ብላ ገመቹን ስትጨቀጭቀው ሰነበተች። ነገሩን የፈታችው ኤዶ ላዳን ናት። ገመቹን ይዛው ወደ ቶጉ ወረደች፣ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ትምስ ጀመር። ክንዷ እስኪገባ ድረስ ማሰች። ውሃ ቀስ እያለ ከሥር መጣ፤ ላዩ ላይ ቀለም ቀለም የሚል ቅባት ተንሳፍፏል።

«ውሃው ከሥር ነው የሚሄደው» አለችው። «አንተ እዚያ የደፋኸውን እኔ እዚህ እቀዳዋለሁ።»

ገመቹ ይህንን ሲያጫውተኝ ፊቱ የበሽተኛ ፊት ሆኖ ነበር። በእነሱ መንደር ምንጭ ያቆሸሸ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይወቀሳል አለኝ፣ ልጁን የሚድርለት ሰው እንኳ ያጣል። እኔ ለማጽናናት ብዬ ይኼ እኮ አሸዋ ነው፣ ምንጭ አይደለም አልኩት። አልሰማኝም።

ብዙ ሳይቆይ ስልጠና አለ ተባለ። ከአዲስ አበባ የመጣች ረድኢት የምትባል የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ በየጋራዡ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ውሃ ብክለት በአማርኛ ልታስተምር ነው። ትምህርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን እሷ ወደ አማርኛ መልሳ ግድግዳው ላይ በትልቁ «ብክለትን ከምንጩ መቀነስ» የሚል ለጥፋለች። እኔ የሄድኩት ለምሳው ነው፣ አልዋሽም። ገመቹ ጽሑፉን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ እጁን አወጣና በትሕትና «እህቴ፣ እዚህ አገር እኮ ምንጭ የለም፤ እኔ እስካሁን አንድም አላየሁም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ረድኢት ግን አልሳቀችም። ምንጭ ማለት ነገሩ የሚጀምርበት ቦታም ነው፣ ያንተ ምንጭ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ነው፣ እዚያው ከያዝከው ወንዙ ጋ አይደርስም ብላ አስረዳችው። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ። እኛ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምንጩ» አልነው።

ስሙ ቋንቋም ተሻገረ። ዱዓሌ ምን እያላችሁ ነው የምትጠሩት ብሎ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት፤ ሶማሌዎቹም «ኢሻ» ይሉት ጀመር። ኢሻ በሶማሌኛ ዓይን ማለት ነው፣ ምንጭም ማለት ነው፣ የነገር መነሻም ማለት ነው። የእኛ ሙስሊም ልጆች ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የማታው የኢሻ ሰላት ደረሰ እንዴ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የገመቹ ሶማሌኛ ከገበያ ቃላት አያልፍም፤ ኢሻ ሲባል ግን ከየትም ሆኖ አቤት ይላል።

ነገሩን ከልቡ ያዘው። መኪና ሥር ሲገባ የሙሉዬን ሳፋ ይዞ ነው የሚገባው። ቡሎኑን ሲፈታ ጠብታ መሬት አታገኝም፤ ፊልትሮውን እንኳ ገልብጦ እስከ መጨረሻው ያንጠፈጥፈዋል። በርሜል እየለመነ፣ እየገዛ፣ ጋራዡ ጓሮ ደርድሮ በሸራ ሸፈናቸው። በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም «የተቃጠለ ዘይት። ለውሃ አይሆንም።» ብሎ በአማርኛ ጻፈ። ሙሉዬ እዚህ አገር አማርኛ ማን ያነብልሃል ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን በየጋራዡ ዘይት የሚደፋው የእኛው ሰው ነው፣ ማንበብ ያለበትም እሱ ነው አላት። እውነቱን ነበር።

ጎረቤት ጋራዥ ካሉት ልጆች ጋር ሽንጡን ገትሮ ይከራከር ነበር። እነሱ አሠሪዎቻቸው ደፍታችሁ ኑ ስላሏቸው ይደፋሉ፤ ምንጩ፣ የእኛንም ጠጣልን እያሉ ይስቁበታል። እሱ ወደ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በላዳን ጉድጓድ በኩል ያልፋል፣ በእፍኙ ቀድቶ ያሸታል። ለላዳን ጉድጓድ የሚቀርበው የዱዓሌ ጋራዥ ነውና ቀስ በቀስ ለውጥ መጣ። ሽታው ጠፋ፣ ሙሉዬም ነጭ ልብስ መቀበል ጀመረች። ኤዶ ላዳን ገመቹ ባለፈ ቁጥር ኢሻ፣ ልጄ፣ እያለች ትመርቀው ነበር።

ረድኢት መጥታ አየችው። በጣም ደስ አላት፤ በርሜሎቹን ፎቶ አነሳች፣ እሱንም መሀል አቁማ አነሳችው። «ኃላፊዎች ይዤ እመጣለሁ፣ አይተው ይማሩበት» አለችው። በርሜሎቹን የሚያነሳ መኪናም እንደሚላክ ነገረችው። ከዚያ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ እሷንም ወደ ናይሮቢ አዛወሯት፣ ዕቅዱን ውሃ በላው። ስትሄድ ደውላ ተሰናብታዋለች፤ የሚተኩኝ ሰዎች ይመጣሉ ብላዋለች። ክፉ ሴት አይደለችም። እንደሷ ያሉ ሰዎች አንድ ነገር ተናግረው ይሄዳሉ፣ የነገሩት ሰው ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ገመቹም ጠበቀ። ነጭ ላንድክሩዘር ባየ ቁጥር እጁን ይጠርግ ነበር።

የዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ተጠራቅሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ቶጉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ከሌሎቹ ጋራዦች ሥር አሸዋው ለዓመታት የጠጣውን ዘይት ሁሉ ነቅሎ አመጣው። ጎርፉ ሲያልፍ የላዳን ጉድጓድ ጥቁር ውሃ ሆኗል። ሼክ ኑር ውስጥ ሰው ሆዱን ታመመ። ኤዶ ላዳን ራሷ ከጉድጓዷ በጠርሙስ ቀድታ፣ መፍትሔ ስጡኝ ብላ ወደ ከተማው ኃላፊዎች ሄደች። የሰጧት መፍትሔ ጉድጓዱን መዝጋት ነው። የቆሻሻው ምንጭ ተገኝቶ እስኪነሳ አይከፈትም አሏት።

ተቆጣጣሪዎች በየጋራዡ ዞሩ። መምጣታቸው ቀድሞ ስለተወራ ሁሉም ግቢውን ጠርጎ አዲስ አሸዋ በትኗል። ዘይታችሁ የት አለ ቢባሉ የሚያሳዩት የላቸውም፤ ደፍተውታላ። በእጃቸው ምንም ስላልተገኘ ንጹሐን ናቸው ተባሉ።

ዱዓሌ ጋራዥ ሲደርሱ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ የመኪናዬ ፍሬን እየተሠራ ነው። አንድ ነጭ ላንድክሩዘር መጥቶ ቆመ። ናጂብ የሚባል ወጣት ኃላፊ ወረደ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ተከተለው፣ ከዚያ ፖሊሶች፣ መጨረሻ ላይ ኤዶ ላዳን። ናጂብ ጨዋ ሰው ነው፣ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ ወደ ዱዓሌ ዞሮ ኢሻው የት ነው ብሎ ጠየቀው። የቆሻሻው ምንጭ የት ነው ማለቱ ነው።

ገመቹ መኪናዬ ሥር ሆኖ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ነጩን መኪናም አየ። እየተሳበ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አኒጋ» አለ። እኔ ነኝ ማለት ነው።

ናጂብ ግራ ገብቶት ቆመ። ገመቹ ግን ስንት ጊዜ የጠበቃቸው እንግዶች መጥተውለታል። ኑ ኑ እያለ ወደ ጓሮ መራቸው፣ ሸራውን ገለጠ፣ የበርሜሎቹን ክዳን አንድ በአንድ ከፈተ። ሁሉም ጥቁር ዘይት ሞልተዋል። ወደ ቶጉ ጠቆመ፣ መልሶ ወደ በርሜሎቹ ጠቆመ፣ ያለችውን ሶማሌኛ ሁሉ አወጣ። «ዳማን አኒጋ» አለ ደረቱን እየነካ። ሁሉም እኔ ነኝ ማለት ነው። እዚያ ሊደፋ የነበረውን እዚህ ያዝኩት ማለቱ ነበር። እነሱ ግን ከዚህ እያወጣሁ እዚያ እደፋለሁ ያለ መሰላቸው። ካሜራ የያዘው ሰው ሁሉንም ቀረጸ፤ ገመቹም እንዲቀረጽለት ቀና ብሎ ቆመ።

እኔም መጀመሪያ እውነት እንግዶቹ መጡለት ብዬ ፈገግ ብዬ ነበር። የደነገጥኩት የፖሊሶቹን ፊት ሳይ ነው። ሮጬ ሄጄ በሶማሌኛ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ይህ ሰው ነው ያልደፋው፣ የደፉት እነዚያ ናቸው፣ ዘይቱ የተገኘው እሱ ጋ ብቻ የሆነው እሱ ብቻ ስለያዘው ነው አልኩ። ናጂብ አላቋረጠኝም። ስጨርስ እሱ ራሱ ነው የነገረን አለኝና ወደ ዱዓሌ ዞረ። ዱዓሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጓሮ የሚያከማቸውን አላውቅም፣ አንሳ ብዬው ነበር፣ የውጭ አገር ሰው ነው አለ። ጎረቤቶቹን ማስቀየም አልፈለገም። ገመቹ የሱ ጎረቤት አይደለምና እሱን ማስቀየም አልከበደውም።

ኤዶ ላዳንን አየኋት። አሸዋውን ቆፍራ ያሳየችው እሷ ናት፣ ለማን ብሎ እንደሚያጠራቅም ታውቃለች። አቤት ባይዋም እሷ ስለሆነች አንድ ቃል ብትናገር ይሰሟት ነበር። እሷ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው።

«ይኼ ከተነሳ ጉድጓዴ ይከፈታል?»

«ኢንሻአላህ» አላት ናጂብ።

ሻርፏን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ መኪናው ተመለሰች። ገመቹ አሁንም የበርሜል ክዳን እንደያዘ ነው።

«ተሻለ፣ ምን አሉ? ወደዱት?» አለኝ።

ምን ልበለው። «የቆሻሻው ምንጭ አንተ ነህ አሉ» አልኩት።

ሳቀ። ስንቀልድበት የኖርነው በዚሁ ቃል ነውና ይኼንንም ቀልድ አድርጎ ወሰደው። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው እንኳ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። ከእኛው ወገን የተማሩ የሚባሉት፣ ነገሩን አታካርረው፣ ለሌሎቻችን ይተርፈናል አሉኝ። ረድኢት ጋ ናይሮቢ ደወልኩ፤ አለቀሰች፣ ኢሜይል እጽፋለሁ አለች፣ ጽፋም ነበር። መልስ የሰጣት የለም። ገመቹ ታስሮ ከቆየ በኋላ ከአገር ይውጣ ተባለ፣ ሙሉዬም አብራው ወጣች። ቶጎ ውጫሌ ላይ አገኘኋቸው። ሙሉዬ ዕቃዋን በዚያችው ሳፋ ቋጥራለች፣ ያ ሁሉ ምላሷ የት እንደገባ እንጃ። ገመቹ ከስቷል። ስለ ራሱ አንድም ነገር አላነሳም።

«ዘይቱን የት እንዳደረሱት ጠይቅልኝ» አለኝ። «ደህና ቦታ ወስደውት ከሆነ ሌላው ግድ የለም።»

ጠየቅሁለት። በርሜሎቹን የጫነው ባሬ የሚባል የገልባጭ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ የምንተዋወቅ ሰው። የት ደፋኸው አልኩት። ቶጉ ውስጥ፣ ከከተማው ከፍ ብሎ አለኝ። ባየሁበት ዓይን ተገርሞ «ደረቅ ነው እኮ» አለ። ባዶዎቹን በርሜሎች ገበያ ወስዶ ሸጧቸዋል። ለገመቹ ይህንን እስካሁን አልነገርኩትም። ሲደውል ራቅ ያለ ቦታ ነው የወሰዱት እለዋለሁ፣ እሱም ተመስገን ይላል።

ባለፈው ሰሞን በሼክ ኑር በኩል ሳልፍ የላዳን ጉድጓድ ተከፍቶ አየሁ። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ልሰድባት ነበር የወረድኩት፣ ያዘጋጀሁት ስድብም ነበረኝ። እሷ ግን እንደ ጥንቱ ሰላም አለችኝ፣ በጣሳ ቀድታ ውሃ ሰጠችኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ሸተተኝና መልሼ ያዝኩት። ከጎኗ፣ የሚቀዳው ውሃ የሚጠራቀምባቸው በርሜሎች ተደርድረዋል። አዲስ ናቸው፤ ለእሷ ማለቴ ነው። በነጭ ቀለም የተጻፈው የገመቹ እጅ ጽሑፍ አልለቀቀም።

ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች። አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ አልተማረችም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«የተቃጠለ ዘይት። ለውሃ አይሆንም» ብዬ አነበብኩላት።

 በአሸዋና በኦሞ እንዳጠበችው ነገረችኝ፣ ከገበያ ስትገዛው ይህን ያህል አይሸትም ነበር አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኢሻ ነው የጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ያዘጋጀሁትን ስድብ ትቼ ጣሳውን መለስኩላት።

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ኤዶ ላዳን ገና ያልሞላውን በርሜል በሁለት እጇ አቅፋ አዞረችው፣ ጽሑፉ ወደ እሾህ አጥሩ ዞረ። ከዚያ የቀጣይዋን ሴት ጀሪካን ተቀበለች።